ከአፋፍ እስከ አፋፍ

ንጉሡ ደብረ ታቦር ላይ በከተሙበት ዘመን ገሳይ አጠገብ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ አድማሱ የሚባል መልእክተኛ ይኖር ነበር። መንገደኛ ሁሉ የመንገዱን ርቀት የሚጠይቀው እሱን ነው።

«ደብረ ታቦር ስንት ያስኬዳል?» ሲሉት፣ «ማንን?» ይላል። «በቅሎ ከሆነ ምሳ ሳይደርስ፣ እግረኛ ከሆነ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከዝክር የተነሣ ቄስ ከሆነ በማግስቱ።»

ቄስ ቀለመወርቅ ይህን ሰምተው «አንተ ምላሰኛ» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከዝክር ሲመለሱ በደጁ ማለፉን ትተው በጓሮ ይዞሩ ጀመር ይባላል።

አንዲት ልጁን ትርንጎን ከገደሉ ማዶ ሲድር፣ ሚስቱ ላቀች አኩርፋ ሰነበተች።

«ምን አስኮረፈሽ? አሞራ እኮ ሁለቴ ክንፉን ቢመታ ይደርሳል።»

«እኔ አሞራ ነኝ?»

እውነቷን ነው። የትርንጎ ቤት ጭስ ከደጃቸው ይታያል፤ አፋፍ ላይ ቆመው ቢጣሩም ይሰማል። እግር ግን ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ሽቅብ ወጥቶ በበጋ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። በክረምት እንደ ወንዙ ፈቃድ ነው። ገደሉን ዞሮ ለሚሄድ ሁለት ቀን።

በነሐሴ አንድ ማለዳ የትርንጎ ጎረቤት ዘውዱ ከማዶው አፋፍ ተጣራ። «አያ አድማሱ ሆይ፣ ትርንጎ ሕመም ጠንቶባታል። አባቴን አሳዩኝ ትላለች። ቶሎ ይድረሱ።»

የላቀች ጉልበት ገደል አይወርድም። «ወንዙ ሞልቷል፣ በዙሪያው ይሂዱ» አለችው።

«ሁለት ቀን የላትም» አለና ዱላውን አንሥቶ ወረደ።

ቀትር ላይ ወንዙ ዘንድ ደረሰ። ደፍርሶ፣ ግንድ ከነሥሩ እየነዳ ይወርዳል። አድማሱ ውሃው ጫፍ ላይ ለምልክት ድንጋይ አስቀምጦ፣ ጉድለቱን ሊጠብቅ ተቀመጠ። ድንጋዩ ተዋጠ። ከፍ አድርጎ ሌላ አስቀመጠ። የአገሩን መንገድ ሁሉ ያውቃል፤ ወንዝ ለመጉደል ስንት እንደሚፈጅበት ግን አያውቅም።

ሁለተኛው ድንጋይ ግማሹን እንደ ተዋጠ ከላይ የዘውዱ ድምፅ መጣ። አድማሱን ገና ቤቱ ያለ መስሎታል።

«አያ አድማሱ ሆይ፣ አይቸኩሉ። ክረምት ነው፣ ቀስ ብለው ይምጡ። ሰው አስከትለው ይምጡ።»

በዚያ አገር መርዶ አፋፍ ላይ ተቁሞ አይነገርም፤ ቤት ገብተው፣ አስቀምጠው ነው የሚያረዱት። ጠዋት ቶሎ ይድረሱ ያለ ሰው ግን አሁን አይቸኩሉ ሲል፣ አድማሱ ልጁ እንደሞተች ገባው።

ድምፁ በላዩ አልፎ ላቀች ዘንድ ደረሰ። ጥቂት ቆይቶ የእሷ ድምፅ ከወዲህኛው አፋፍ ተመለሰ። «ወጥተዋል። ጠዋት ወጥተዋል።»

 ቀጥሎ ላቀች መጮኽ ጀመረች።

«እዚህ ነኝ» አለ አድማሱ ወደ ላይ። ወንዙ ድምፁን ዋጠው። ደገመው፤ ማንም አልሰማውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውሃው ጎደለ። ከነልብሱ ገብቶ ተሻገረ። ሽቅቡን ሲጀምር ከላይ የትርንጎ ቤት ለቅሶ ይሰማው ነበር። አልሮጠም።