የተደፋው የአብሽ ውሃ

አብሽ ሲዘጋጅ ይዘፈዘፋል፣ መራራው ውሃ ይደፋል፣ ከዚያ እስኪነጣ ድረስ በእጅ ይመታል። መርካቶ ቅመም ተራ፣ ጉሊት ተቀምጠው ያሳደጉኝ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሠሩት ነበር። ይናፍቁኛል። እኔ ደግሞ ተምሬ መጣሁና ነገሩን ገለበጥኩት።

መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ ነው። ራጉኤል ጀርባ በተከራየኋት ክፍል አንድ ማሽን ነበረኝ። ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ውሃውን እያንቀጠቀጠ የአብሹን ሙጫ ፈልቅቆ ያወጣል። ሙጫው ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ጭማቂ ያወፍራል፣ አይስክሬም ያወፍራል። በእኔ አሠራር ቁም ነገሩ ያለው ውሃው ውስጥ ነው፤ የሚጣለው አተላው ነው። ይህንን ለእትዬ አስረዳኋቸው? የለም። ምን ይገባቸዋል ብዬ ነዋ።

አንድ ቀን የጭማቂ ፋብሪካ ሰዎች ሥራዬን ሊያዩልኝ ቀጠሩኝ። እነሱ ካልወደዱት ክፍሏንም ሥራውንም መተዌ ነበር። ውሃውን ከነአተላው ከማሽኑ አውጥቼ እንዲጠልል በሳፋ አስቀመጥኩና፣ መንገዱ እንዳይጠፋቸው ልቀበላቸው ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድኩ። ክፍሉን እንዲጠብቁልኝ የለመንኳቸው እትዬን ነው። «ማሽኑን እንዳይነኩብኝ» አልኳቸው። አልነኩም። የነኩት ሳፋውን ነው።

እንግዶቼን ይዤ ስገባ እትዬ እጅጌያቸውን ሰብስበው አተላውን ይመታሉ።

«መራራውን ደፍቼልሃለሁ፤ ረስተኸው ነው መሰል» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።

ደሜ ፈላ። «ይሄ እኮ የእርስዎ ጉሊት አይደለም» አልኳቸው፣ ሰው ፊት። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ጉሊት ላይ፣ በእግራቸው ሥር ተቀምጬ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ «እሺ ወንድሜ፣ አላወቅኩም» ብለው ወጡ።

ሰዎቹ ሌላ ቀን እንመለሳለን ብለው ሄዱ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ የተከደነ ብርጭቆ ያየሁት ያኔ ነው፤ የተመታ አብሽ፣ ማር የገባበት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አለመቅመሴን አይተዋል። ሙጫው የወጣለት አብሽ አይነጣም፤ እሳቸው ምን ያህል ቢመቱት እንደሆነ እንጃ፣ ነጣ ብሎ ነበር። አንስቼ ደፋሁት። ንዴቴ አልበረደም ነበር።

ሰዎቹ እንዳሉት ተመለሱ፣ ሥራውም ቀናኝ። እትዬ ግን ያቺን ክፍል ደግመው አልረገጡም። ጉሊታቸው ድረስ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ፤ «ምን አደረግከኝና?» ብለው አነሱኝ። ስለ ብርጭቆው ግን አልነገርኳቸውም። ጠጣኸው ወይ ብለውም አልጠየቁኝም። ዛሬ ነገ ስል ሞቱብኝ።

ዛሬ ዱቄቴን በማንኪያ ነስነስ ሳደርግበት ጭማቂው ወዲያው ይወፍራል። አንዳንድ ቀን ግን ቅመም ተራ ሄጄ አብሽ እገዛለሁ። እዘፈዝፋለሁ፣ መራራውን እደፋለሁ፣ እጄ እስኪዝል እመታለሁ። ይነጣል። ማር ጨምሬበት እከድነዋለሁ፤ ከዚያ መጠጣት ያቅተኛል።