ከባሕሩ ያልመጣው ሕመም

ጉንቮር ከወጣትነቷ ጀምሮ የጎተንበርግ ከተማ ትራም ስትነዳ ኖራለች፤ መሥመሯም የሚያልቀው ባሕሩ አፋፍ ላይ ነው። ፈረቃዋ ሲያበቃ ሌላው ሾፌር ወደ ቤቱ ሲሮጥ እሷ ፎጣዋን አንጠልጥላ ባሕሩ ዳር ወዳለው የሴቶች መታጠቢያ ትወርድ ነበር። በብርዱ ወራት እንኳ ሳውና ከሚሉት የእንፋሎት ክፍል እንደ ቲማቲም ቀልታ ትወጣና ራቁቷን ከመወጣጫው ባሕሩ ውስጥ ትዘላለች። ጩኸቷ ማዶ ያሉት ደሴቶች ድረስ ይሰማል እያሉ አብረዋት የሚታጠቡት ሴቶች ይስቁባት ነበር።

የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ግን ሽንቷ ያቃጥላት ጀመር። ተቀምጣ ሳትነሳ መልሶ ይመጣባታል። መድኃኒት ስትውጥ ይተዋታል፤ “ተገላገልኩ” ስትል እንደገና ያገረሽባታል። በየማቆሚያው ጥርሷን ነክሳ ሽንቷን ይዛ መንዳት ሥራዋ ሆነ።

ታላቅ እህቷ ሲግኔ ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም። “ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አትቀመጡ እያለች እናታችን ስንቴ ለፈለፈች? አንቺን ብሎ ሰሚ! ጭራሽ በረዶ ውስጥ ትነከሪያለሽ!”

ጉንቮር እያዘነች ባሕሩን ተወችው። የሱፍ ሙታንታ ገዛች። የመጨረሻው ማቆሚያ ላይ ሴቶቹ ፎጣቸውን ይዘው ሲወርዱ ፊቷን ወደ መስተዋቱ ታዞራለች። ሕመሙ ግን አልተዋትም፤ እንዲያውም ባሰባት።

ሐኪም ቤት ስትመላለስ ቶቫ ከምትባል ወጣት ሐኪም ጋር ተገናኘች። ቶቫ ሕመሙ ለምን እንደሚመላለስ የምታጠና ነበረች። ሽንቷን ከተቀበለች በኋላ ሌላ ዕቃ ሰጠቻት።

“ይሄ ደግሞ ለሰገራ ነው።”

“ቶቫ፣ የሚያመኝ እኮ በፊት ለፊት ነው!”

“አውቃለሁ” አለች ቶቫ እየሳቀች። “ግን ከየት እንደሚነሣ ማየት እፈልጋለሁ።”

ውጤቱ ሲደርስ ቶቫ ራሷ ደወለች። ጉንቮር እየሮጠች ሄደች። ሐኪሟ ክብ ክዳን ያላቸው ሁለት ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሁለቱም ላይ ባክቴሪያው ነጥብ ነጥብ ሆኖ በቅሏል።

“ይሄኛው ከሽንትሽ ነው፣ ይሄኛው ከአንጀትሽ። ዘራቸውን መረመርነው። አንድ ናቸው፣ ጉንቮር! ምንም ልዩነት የላቸውም!”

“ከራሴ አንጀት?”

“ከራስሽ። እዚያ ሲኖር ሰላማዊ ነው፣ አይነካሽም። ከፊንጢጣ እስከ ሽንት መውጫ ግን መንገዱ አጭር ነው። ፊኛሽ ውስጥ ሲገባ ነው ጉዱ። መድኃኒቱ ከፊኛሽ ያጠፋዋል፤ አንጀትሽ ውስጥ የተረፈው ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።”

ጉንቮር ፊቷ ቀላ። “ቆሻሻ ነኝ ማለት ነው?”

“በጭራሽ! የፈለገ ንጹሕ ሰውም ይይዘዋል። በዕድሜ ሰውነትሽ ስለሳሳ ነው መግባት የቀለለው። ለሱ የሆርሞን ቅባት አዝዝልሻለሁ። ውኃ ጠጪ፤ ሽንትሽንም አትያዢ።”

ጉንቮር በጣም ቀስ ብላ፣ “ባሕሩስ?” አለች።

“የምን ባሕር?”

“በብርድ እዋኝ ነበር። ሕመሙን ያመጣው እሱ መስሎኝ ተውኩት።”

“ይሄ ባክቴሪያ ያንቺው ነው እኮ! ባሕሩ ምን አደረገ? ሲሻልሽ ዋኚ!”

ጉንቮር ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሐኪሟን አንገቷን አቀፈቻት። ወዲያው ወደ ቤት በሚወስደው ትራም ውስጥ ሆና ለሲግኔ ደወለች።

“ከቂጥሽ ነው የመጣው ነው የምትይኝ?” አለች ሲግኔ።

“አዎ! ከራሴው ቂጥ!” ስትል ትራሙ በሙሉ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀረቀረ፤ አንድ ሽማግሌ ሳል መጣበት። ጉንቮር ግን ማንንም አላየችም።

ቃጠሎው ለቋት ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ፣ ሲግኔን ጎትታ መታጠቢያው ወሰደቻት። ነፋሱ ቆዳ ይገፍፋል። ሲግኔ ካፖርቷን እስከ አፍንጫዋ ቆልፋ መወጣጫው ላይ ቆመች።

“አብደሻል፣ ትሞቻለሽ!”

ጉንቮር ዘለለች። ውኃው ደረቷን ሲመታት ትንፋሿ ተቋረጠ፤ ብቅ ስትል ያ ጩኸቷ ከጉሮሮዋ ፈነዳ። ሳውናው ውስጥ የነበሩት ሴቶች በሩን ከፍተው “መጣች!” እያሉ አጨበጨቡ። እሷ እዚያው ውኃው ውስጥ እየሳቀች አለቀሰች።

ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ በጸደይ አንዴ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ግን ባሕሩን አልረገመችም፤ ቀጥ ብላ ሐኪም ቤት ሄደች፤ ታክማ ዳነች። በሥራዋም ብትሆን የመጨረሻው ማቆሚያ ላይ ትራሙን አቁማ፣ ተሳፋሪው ቢያጉረመርምም ባያጉረመርምም፣ ሽንት ቤት ሳትገባ አትመለስም። ሳውናው ውስጥ “ብርድ ነው ፊኛዬን የመታኝ” የምትል ሴት ካጋጠመቻት ደግሞ፣ ላቧን እየጠረገች ጠጋ ትልና ስለ አንጀቷ ትነግራታለች። አንዳንዷ ደንግጣ ትወጣለች፤ ብዙዎቹ ግን “እና ከዚያስ?” እያሉ ይቀርቧታል።