ዝናብ የመታው ቃጫ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ናሆም አንድ አሮጌ ትንሽ ትራክተር እያንደቀደቀ ዲላ ያለው ግቢዬ ድረስ መጣ። ሳር የሚያጭድ፣ ጋሪ የሚጎትት፣ ቁመቱ ከወገቤ የማያልፍ ነው። «አክስቴ፣ አዲስ ቺንጋ አስገብቼበታለሁ። ደህና ነው አይደል?» አለኝ ፊቱ በርቶ። ስልሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያቺን ጥያቄ ግን አልረሳሁም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ፍስሐ ገነት አጠገብ በነበረ የቡና ችግኝ ጣቢያ እሠራ ነበር። ጣቢያው ልክ እንደዚህ ያለ ትራክተር ነበረው፤ ሾፌሩ ጋሽ ዱካሌ ይባላል። ዝምተኛ የጌዴኦ ሰው ነው፤ የሞተር ጩኸት አንድ ጆሮውን አደንቁሮታል። አማርኛ ሲናገር ሴትና ወንድ ስለማይለይ እኔንም «አንተ» ይለኝ ነበር። ሌሎቹ «ሴት ልጅን ከብረት ጋር ምን አገናኛት!» እያሉ ሲያሾፉብኝ፣ እሱ ዝም ብሎ መፍቻ ያቀብለኛል። ለዚያ ሰው ስል እሳት ውስጥ እገባ ነበር።

ችግኝ በሚከፋፈልበት የዝናብ ወቅት የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው የትራክተሩ ቺንጋ ተበጠሰ። ላዩ ላይ የነበረው የልክ ቁጥር ጠፍቷል። ጋሽ ዱካሌ ከእንሰት የተገመደ ቃጫ ሰጠኝና ቺንጋው የሚዞርበትን ለካሁ፤ ጫፉ ላይ ቋጠርኩና በጭነት መኪና ኋላ ተሳፍሬ ወደ ዲላ ወረድኩ። ይርጋ ጨፌ ላይ የያዘን ዝናብ ዲላ እስክንገባ አልለቀቀንም። ሹራቤም ኪሴ ውስጥ ያለው ቃጫም ውሃ ያንጠባጥቡ ነበር። ባለ ሱቁ ቃጫውን ከቺንጋዎቹ ጋር እያስተያየ አንዱን መረጠልኝ፤ ልክክ አለ። ደስ ብሎኝ መንገድ ዳር አናናስ ገዝቼ እየበላሁ ተመለስኩ።

ሲገጠም ግን እምቢ አለ። በብረት እየፈነቀልኩ፣ እየተሳደብኩ በስንት መከራ አስገባሁት። በዚያ ትራክተር ላይ ፍሪሲዮኑ ራሱ ቺንጋው ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ቺንጋው ይላላል፣ ፍሬኑም ይይዛል፤ ቺንጋው ካልላላ ፍሬኑ ብቻውን አያቆመውም። ፔዳሉ ተረግጦ የቺንጋውን መሃል በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ጣት ያህል መስመጥ አለበት። ይህን ያስተማረኝ ጋሽ ዱካሌ ነው። ተጫንኩት። አልሰመጠም። ሲለማመድ ይለቃል አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ጋሪው ላይ ችግኝ ጫንን። ጋሽ ዱካሌ ወንበሩ ላይ ወጥቶ፣ «ራሄል፣ በደንብ አይተሃል? ደህና ነው?» አለኝ።

ሰዎቹ ሁሉ ቆመው ያያሉ። «ደህና ነው ጋሼ!» አልኩ።

የማስነሻውን ገመድ ሳብኩለት። ማርሽ ሲያስገባ፣ ፔዳሉን ገና ሳይለቅ፣ ትራክተሩ ስንዝር ያህል ወደፊት ዘለለና ጎማው ጫማዬን ነካው። «እግሬ ሸርተት አለ መሰለኝ» ብሎ ስቆ ሄደ። እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። የሱ እግር እንዳልሸረተተ አውቃለሁ።

ዳገቱን እንደ ጉድ ወጣው፤ ሰዎቹም «ጎሽ ራሄል!» አሉኝ። ከዳገቱ ማዶ ያለው ቁልቁለት ግን በቀጥታ ገበያው ውስጥ ነው የሚገባው። የትራክተሩ ቁልፍ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሞተሩን ለማጥፋት ወርዶ፣ ሽፋኑን ከፍቶ የካንዴላውን ሽቦ መንቀል ያስፈልጋል። ይህ ትዝ ሲለኝ በቡናው መሃል በአቋራጭ ሮጥኩ። ጭቃው አንዱን ጫማዬን አስቀረው፤ ማን ዞር ብሎ ያየዋል! በውስጤ «አምላኬ፣ ሴቶቹ መንገድ ዳር ነው የሚቀመጡት፤ አምላኬ፣ ልጆች አዝለዋል» እላለሁ።

አስፋልቱ ጋ ስደርስ ከታቼ አየሁት። ፍጥነቱ ያን ያህል አልነበረም፤ ግን አይቆምም። ጋሽ ዱካሌ ፔዳሉ ላይ ቆሟል ማለት ይቻላል። «ጋሼ! ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ፤ በየት ጆሮው ይስማኝ! የመጀመሪያዎቹ ቅርጫቶች ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መሪውን በኃይል ወደ ግራ ጠመዘዘና እንሰት ውስጥ ገባ። አንዱ እንሰት ወደቀ፣ ሁለተኛው ወደቀ፣ አራተኛው ላይ ሞተሩ ጠፋ።

ሞቷል ብዬ ነበር። ቅጠሉን ገፍፌ ሳገኘው ከንፈሩ ደምቷል፤ መሪውን አልለቀቀም።

እንሰቱ የእማማ አስቴር ነበር፤ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው መጡ። «ስድስት ዓመት ያሳደግኩትን! ምን በደልኩህ ዱካሌ?»

ጋሽ ዱካሌ አንድ ጊዜ አየኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ የወደቀውን ቅጠል መሰብሰብ ጀመርኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው እናቴ» አላቸው። «ሳልጠነቀቅ ነው። እተክልልሃለሁ።»

ተከለላቸውም። ከሦስት ቀን በኋላ የዕቃ ቤቱ ምስማር ላይ ሰቅሎት የነበረውን ቃጫ አውርዶ በእጄ አስቀመጠ። «ደርቋል። አሁን ለካው» አለኝ። ቺንጋውን ፈትቼ ለካሁ። ዝናብ አኮማትሮት የነበረው ቃጫ ከቺንጋው በአራት ጣት በልጦ ተገኘ። አለቀስኩ፤ እሱ ቃጫውን መልሶ ምስማሩ ላይ ሰቀለው።

እማማ አስቴር እስኪሞቱ ድረስ ጥፋቱ የሱ እንደሆነ ነው የሚያውቁት። ገበያ ላይ ሲያገኙት «ያ እንሰት ገዳይ መጣ!» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ይስቃል። እኔ አጠገቡ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። ስንት ጊዜ ልነግራቸው ተነስቼ ስንት ጊዜ ተመለስኩ! አሁን ሁለቱም የሉም።

«አክስቴ፣ ደህና ነው ወይስ አይደለም?» አለ ናሆም።

«አላውቅም» አልኩት።

«ኧረ! አንቺ ነሽ አላውቅም የምትይው?»

«አላውቅም አልኩህ። ሞተሩን አጥፋና ፔዳሉን እርገጥ።» «አላውቅም» የምትለዋን አንዲት ቃል ያን ዕለት ብናገራት ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር? ጎንበስ ብዬ አውራ ጣቴን ቺንጋው ላይ አሳረፍኩ፤ እስኪሰምጥ ድረስ አልተነፈስኩም።