የቢሊሴ የዘንድሮ ልክ

አምቦ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው የረዲ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ስሟ ቢሊሴ ጃርሶ፣ የእጃጂ ልጅ። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ነጥብ ሳይመጣላት ሲቀር አባቷ "ቤት ቁጭ ብለሽ ከምትተክዢ እጅሽ ይሥራ" ብለው ነበር አምቦ የሰደዷት። እጇም ሠራ። ለሚዜ ቀሚስ፣ ለመዘምራን ልብስ፣ ለዩኒፎርም፣ ለሁሉም የሚታሰበው የእሷ ስም ሆነ።

ቢሊሴ የከተማውን ሴት ሁሉ ስትለካ እሷን ግን ማንም ለክቷት አያውቅም። ልብሷን ራሷ ትቆርጣለች፣ ራሷ ትሰፋለች፤ ለማንም አትሰጥም። የግራ ጡቷ ከቀኙ ያንሳል። ልብ ብሎ ላየ ብቻ የሚታይ ዓይነት አልነበረም፤ ቀሚስ ሲያርፍበት ይናገራል። ስለዚህ አዲስ ቀሚስ በሰፋች ቁጥር በግራ በኩል፣ ከገበሩ ሥር፣ ጥጥ በስስ ጨርቅ ጠቅልላ ትሰፋበታለች። ሥራዋ ንጹሕ ስለነበር አጠገቧ የምትውለው የረዲ ሚስት ሰኪና እንኳ አልነቃችባትም።

በ2003 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ግን ነገሩ ከበዳት። እንጭኒ የሚያስተምረው የሒሳብ መምህር ሌታ ሽማግሌ ልኮ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሌታ ደግ ሰው ነው፤ እሱን አልጠረጠረችም። ያስፈራት ያ ጥጥ ከጥር በኋላ የት እንደሚገባ ነው። ቢቸግራት ለሰኪና ነገረቻት።

ሰኪና የያዘችውን ጣቃ ጨርቅ አስቀመጠች። "ወላሂ፣ እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ዓይኔ የት ነበር?"

"ጨርቅ ላይ።"

"ለዚህ ነው እንዲህ የምትጨነቂው? የኔን ብታዪው እኮ፣ አራት ልጅ አጥብቼበት አንዱ ወደ ጉደር፣ አንዱ ወደ ወሊሶ ነው የሚያየው።"

ቢሊሴ ሳትወድ ሳቀች። "እትዬ ሰኪና፣ ያንቺ ጠብተውት ነው። የኔ ምን አድርጎ ነው?"

"ይሄስ ልክ ነሽ" አለች ሰኪና፣ ትንሽ አስባ። ከዚያም የባሏ እህት ሰልሳቢል አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ካርድ ክፍል እንደምትሠራ፣ እዚያ ጡት የሚያስተካክሉ ሐኪም እንዳሉ ነገረቻት። ለረዲ "ገበር ልናመጣ መርካቶ ወርደን እንመለስ" ብለውት በማግስቱ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈሩ። አዲስ ዓለም እስኪደርሱ ቢሊሴ በልቧ ጥያቄ ትደረድር ነበር። ያስተኛሉ? ይሰፉታል? ክሩስ ምን ዓይነት ነው?

ሐኪሟ ዶክተር ድንቅቱ ይባላሉ፤ ፀጉራቸው መሸበት የጀመረ፣ ጉደር ያደጉ ሴት ናቸው። "አካም ጅርታ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላም ሲሏት ትከሻዋ ላላ። መረመሯት፤ እብጠት እንዳለ በጣታቸው ፈለጉ፤ አጡ።

"በሽታ የለብሽም" አሏት። "ሁለቱ እኩል የሆኑላት ሴት ራሷ ጥቂት ናት። ያንቺ ልዩነት ከብዙዎቹ ይበልጣል፤ አልዋሽሽም። ሊሠራ ይችላል።"

"ከጥር በፊት?"

"ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ሃያ።"

"በማን ቆጠራ?"

"በእናቴ። ደርግ ሲወድቅ አራስ ነበረች።"

ዶክተሯ ፈገግ አሉ። "ሰውነትሽ ከእኩዮችሽ ዘግይቶ ነው የሞላው?"

"አዎ፣ በጣም።"

"እንግዲያው ይህን መልሽልኝ። ከአቻምና ጀምሮ ልዩነቱ ሰፋ፣ ጠበበ ወይስ ባለበት ቆመ?"

ቢሊሴ ስትታጠብ እንኳ ወደ ጣሪያው እያየች ነው። የሌላውን ሴት ደረት በሴንቲ ሜትር የምታውቅ ልጅ፣ የራሷን አታውቅም።

"አላውቅም" አለች።

"መቆሙን ካላወቅን እኔ የምሠራው ለዛሬዋ ቢሊሴ ነው። የከርሞዋ ሌላ ልትሆን ትችላለች፤ ያኔ ሌላ ኦፕራሲዮን ይመጣል። ክብደት ስትጨምሪ ስትቀንሺም ይለወጣል። ስትወልጂና ስታጠቢም ይለወጣል። አንዳንዱ አሠራር ደግሞ ወተቱን ሊቀንሰው ይችላል። ወልደሽ እስክትጨርሺ ጠብቂ እያልኩሽ አይደለም፤ አውቀሽ ምረጪ ነው። ሠርግሽ ጥር ነው፤ ሰውነትሽ ግን ጥርን አያውቅም።"

ስልካቸውን ሰጥተው ሸኟት። በመልስ መንገድ ሰኪና ገበሩን ታቅፋ ተኛች፤ ቢሊሴ ያችን አንዲት ጥያቄ ይዛ ቀረች። መስፋቱን፣ መጥበቡን ማን ያውቃል? ማን አየ? ሆለታን ሲያልፉ አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ዓይኗ አላየም እንጂ እጇ በየዓመቱ ሲለካ ነው የኖረው።

በማግስቱ ሰኪናን ወደ ጓዳ ጠራችና ሦስት ቀሚስ ዘረጋች። በየእንቁጣጣሹ ለራሷ የሰፋቻቸው ናቸው፤ የአቻምናው፣ የአምናው፣ የዘንድሮው። የሦስቱንም ገበር ተረተረችና ጥጦቹን አውጥታ ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። የአቻምናው ከሁሉም ይወፍራል። የአምናው ከሱ ያንሳል። የዘንድሮው ደግሞ ስስ ነው። ዘንድሮ ስትሰፋ ጥጡ ሽቅብ እየገፋ አስቸግሯት ሁለት ጊዜ እንደቀነሰችለት ያኔ ትዝ አላት። ጥጡን ነበር ክፉ ነው ብላ የተራገመችው።

"ይሄ ምኑ ይታመናል?" አለች ሰኪና። "ጥጥ ሲታጠብ ይተኛል እኮ። የትራሴን አላየሽም?"

"ይተኛል። እሺ፣ የትኛው ነው ብዙ የታጠበው?"

"የአቻምናው።"

"የተኛው እሱ ከሆነ ከሁሉም ስስ መሆን ነበረበት። እሱ ግን ተኝቶም ከሁሉም ይወፍራል።"

ሰኪና ጥጦቹን ተራ በተራ በጣቷ ጨመቀች፤ እንደገና ጨመቀች። "ታዲያ ግራው እያደገ እየመጣ ነዋ" አለች በቀስታ፣ የሚሰማ ሰው ያለ ይመስል።

ቢሊሴ ደወለች። ዶክተር ድንቅቱ የጥጡን ነገር እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ስንት ጊዜ እንደታጠበ፣ የውስጥ ልብሷ ልክ ተለውጦ እንደሆነ፣ ክብደት ጨምራ እንደሆነም ጠየቁ። ከዚያ "አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል" አሏት። "ይተካከላል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። የሆነ ቦታ ይቆማል። ቆሞ ዓመት ሲሞላው ነይ፤ ያኔም ከፈለግሽው እንነጋገራለን። አሁን ቢላ አናነሳም።"

ስልኩን ስትዘጋ የገረማት አለመከፋቷ ነው። ቀረ የተባለ አልመሰላትም፤ ገና ያላለቀ ሥራ ነው የመሰላት። ችግሩ ሌታ ነው። ኦፕራሲዮኑ ከሌለ፣ ከጥር በፊት መንገር አለ።

ቅዳሜ ሌታ የሠርጉን ሱሪ ሊለካ ከእንጭኒ መጣ። ረዲ ሰላት ሊሰግድ ሄዷል፤ ሰኪናም ነገሩ ገብቷት ስኳር ልግዛ ብላ ወጣች። ቢሊሴ ተንበርክካ የሱሪውን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ እየያዘች፣ ቀና ሳትል ነገረችው። ጡቷን፣ ጥጡን፣ አዲስ አበባን፣ የሐኪሟን ቃል፣ ሁሉንም። ሌታ አንድ እግሩን ወደ ፊት እንዳደረገ ወደ እሷ አጎነበሰ።

"ያማል?" አለ።

"አያምም።"

"ለዚህ ነው እንጭኒ መጥተሽ ትምህርት ቤት በር ላይ ስትጠብቂኝ እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣጥፈሽ የምትቆሚው?"

"አዎ።"

"እኔ እኮ በርዷት ነው ብዬ ነው ያንን ሹራብ የገዛሁልሽ።"

"ሹራቡንም ወድጄዋለሁ።"

ሳቀ፤ ሲስቅ መርፌው ቁርጭምጭሚቱን ወጋውና ዘለለ። "ማሎ፣ እባክሽ፣ ሌላ የሚነገረኝ ካለ መርፌውን አስቀምጪና ንገሪኝ።" ከዚያ በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ለተማሪ ጥያቄ ሲሰጥ እንደሚያደርገው ግንባሩን ቋጠር አደረገ። "ቆሞ ዓመት ሲሞላው ነው ያሉት?"

"አዎ።"

"ዓመቱ ከመቼ ነው የሚቆጠረው? የዘንድሮውን ቀሚስ ከሰፋሽበት ከመስከረም ነው ወይስ መቆሙን ካየሽበት ቀን? ደግሞ መሀል ላይ ብታረግዢስ፣ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል?"

ቢሊሴ ዓይኑን አየችው። ይህን ሁሉ ሌሊት ስትፈራ፣ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከሱ አልጠበቀችም።

"አልጠየቅኳቸውም" አለች፣ ስልኳን ከኪሷ እያወጣች። "ቆይ፣ ድምፁን ከፍ ላድርገው፤ አንተ ራስህ ጠይቃቸው።"