በርበሬ እና የፕሬሱ ቫልቭ

ወንድሜን ሁሉም «በርበሬ» ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ሲያንሰው ነው! የፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ፣ ቆርቆሮ እየተጫነ ሳህን በሚወጣበት ፕሬስ ላይ እሠራለሁ። ሲቆጣ ድምፁ ግቢውን ይሞላዋል፤ እኔም ብሆን የእናቱ ልጅ ነኝ።

የፕሬሱ ቫልቭ ከተበላሸ ቆይቷል። የዘይቱን ግፊት በልኩ የሚይዘው እሱ ነው፤ እሱ ልኩን ሲስት ፕሬሱ እየተንገጫገጨ ይወርዳል፣ የመለኪያው ቀስት እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። የኛ መድኃኒት ምን መሰላችሁ? የቫልቩን ብሎን ማጥበቅ! የጠዋቱ ፈረቃ ያጠብቃል፣ የከሰዓቱም መጥቶ ያጠብቃል። አለቃው ራሱ «ትንሽ ጠበቅ አድርጓት፣ ትሠራለች» ይላል። ምላሱን ይቁረጠው!

አንድ ቀን ሳህኑን ሳነሳ ፕሬሱ ማንም ሳይነካው ዘሎ ወረደ። እጄን መንጭቄ አወጣሁ፤ የጓንቴ ጫፍ ግን እዚያው ተጨፍልቆ ቀረ። የተረፈውን ይዤ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ።

«ጣትሽስ?»

«አለ።»

«አንቺ ደደብ! እስኪቆረጥ ነው የምትጠብቂው?» ብሎ ጮኸብኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እኔ ላይ ምን ያስጮህሃል? ሂድና እዚያ ፕሬሱ ላይ ጩህ!» አልኩት።

ሄደ። ፕሬሱን አጠፋ፣ ቫልቩን ፈታ፣ ይዞት ጥገና ክፍሉ ገብቶ በሩን ቆለፈ። አለቃው በሩን እየደበደበ «ሥራ ቆመ እኮ!» ሲል፣ ከውስጥ «ይቁም! እህቴ ጣት አታበቅልም!» አለው።

ለካ በዘይቱ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ቫልቩ ውስጥ የሚንሸራተተውን ዘንግ ጭሮት፣ ዘንጉ ይያዝና ድንገት ይለቅ ኖሯል። አለሰለሰው። ዘንጉን የሚገፋውን የደከመ ሞላ ቀየረ፣ ግፊቱ እንዳይወራጭ የዘይቱን መተላለፊያ አጠበበ፣ ዘይቱን አጣራ፣ ብሎኑንም ወደ ልኩ መለሰ። ፕሬሱ ሲነሳ ቀስቱ ወጥቶ ቀጥ አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

አለቃው ቀስቱን አይቶ ፈገግ አለ። «ጎበዝ! እንዲህ ከታዘዘችማ ግፊቱን ጨምረን ሁለት ሁለት ቆርቆሮ እንጫንባታለን» ብሎ መፍቻ አነሳ።

ወንድሜ፣ ያ በርበሬ፣ እየጮኸ ተንደረደረ። ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ ብሎኑን በመዳፌ ሸፈንኩት።

«መጀመሪያ አንተ እጅህን ከፕሬሱ ሥር አግባ» አልኩት አለቃውን። «ከዚያ እኔው አጠብቀዋለሁ።»

ፕሬሱ ተከፍቶ ይጠብቃል። አለቃው መፍቻውን አስቀመጠና ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከተተ።