ጎመኑ ወደ እኔ ይዙር

ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ኡራኤል አካባቢ የምትሠራ ወጣት ሐኪም የደም ምርመራዬን አየችና ስኳሬ ድንበር ላይ መድረሱን ነገረችኝ።

«በሁለት ወር ውስጥ ትንሽ ኪሎ ከቀነሱ መድኃኒት ላያስፈልግዎት ይችላል። ካልሆነ ክኒን እንጀምራለን» አለች።

ሞትን ያን ያህል አልፈራም፤ ስለ እሱ ብዙ አንብቤአለሁ። የምፈራው ክኒን የጀመረ ሰው መሆንን ነው። የዕድሜ እኩዮቼ ክኒን የጀመሩ ቀን ሌላ ጨዋታ አቁመዋል። ያንተ ስንት ሚሊግራም ነው፣ ከምግብ በፊት ነው በኋላ፣ በቃ ይኸው ነው። ዕድሜ ልኬን ሰው በክርክር ሳስመርር ኖሬ መጨረሻዬ ሚሊግራም ሊሆን ነው?

ሐኪሟ ወረቀት ስባ ክብ ሣለች። «ይህ ሳህንዎ ነው» ብላ ግማሹን ለጎመንና ለሰላጣ፣ ሩቡን ለምስር ወይም ለሌላ ጥራጥሬ፣ የቀረውን ሩብ ለእንጀራ ሰጠችው። «ምንም አልከለክልዎትም። መጠኑን ብቻ ይጠብቁ።»

«ዶክተር፣ ሁዳዴ እየገባ ነው እኮ። ጾሙ ራሱ ይጨርሰዋል።»

«በጾም የሚወፍሩ ብዙ ታካሚዎች አሉኝ» አለች።

አላመንኳትም። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ጾሙ ገባ። እኔ ሥጋና ቅቤ እተዋለሁ እንጂ ሰዓት ጠብቄ አልጾምም፤ ስለዚህ ካዛንቺስ ካለው መሥሪያ ቤቴ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ እወጣለሁ። የድሮው ምግብ ቤታችን ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ተዛውሯል፤ እኛም በታክሲ ተከትለነዋል። አራታችንም የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። በየአይነቱ ይመጣል፤ ሽሮው ዘይት ተንሳፍፎበት፣ ድንቹ በዘይት ዋኝቶ። ሥጋ የለበትም ብዬ እንጀራ አስጨምራለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ሳምቡሳ እበላለሁ፣ የጾም ስለሆነ። ቦምቦሊኖም እበላለሁ፣ እሱም የጾም ስለሆነ። ቅዱሳት መጻሕፍትን አገላብጬ ስለ ቦምቦሊኖ የተጻፈ አላገኘሁም።

በጾሙ አጋማሽ፣ በኩራት፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግታ የምትቀመጥ ሴት ዘንድ ሄድኩ። ወጣሁና ቁጥሩን አየሁት። ወረድኩና ጫማዬን አወለቅሁ። ቀጥሎ ጃኬቴን። ቀጥሎ ስልኬንና ቁልፌን አስያዝኳት። እጄ ወደ ቀበቶዬ ሲሄድ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ሱሪውን ይተዉት» አለች።

አንድ ኪሎ ጨምሬአለሁ።

«ሚዛንሽ ተበላሽቷል።»

«አሁን አንድ ቄስ ወጥተውበት ነበር። እሳቸውስ ቀንሰዋል።»

በማግሥቱ ምሳ ላይ አስተናጋጁን የራሴን ሳህን እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። ሳህኑ መጣ። የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን፣ በዕድሜ የማትበልጠኝ በትዕዛዝ ግን የምትበልጠኝ ሴት፣ እጇን ከትሪው ሰበሰበች።

«ምን አደረግንህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ተጣልተናል ወይስ የሚተላለፍ ነገር ይዞሃል? ንገረን፣ እኛም ቤተሰብ አለን።»

ወረቀቱን አውጥቼ ስለ ስኳሩም ስለ ክኒኑም ነገርኳቸው። ወረቀቱን እንደ መዝገብ አገላብጣ መረመረችው።

«ይኼ እኮ ትሪ ነው» አለች። «ክብ ነው። ሳህኑን መልሱለት። ጎመኑ ወደ እሱ ይዙር።»

ትሪው ዞረ። ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑና ቀይ ሥሩ ከእኔ ፊት ቆሙ፤ ሽሮውና ድንቹ ወደ እሷ ተሰደዱ። የፈለሰፈችው ዘዴ ለእሷም እንደማይከፋ ልብ ብያለሁ። ሁለት ቀን እንደ በግ ቅጠል በላሁ። በሦስተኛው ቀን አንጀታቸውን በላሁትና ማጉረስ ጀመሩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለት ሁለት። ሦስት ሰው፣ ስድስት ጉርሻ፣ እያንዳንዱ ቡጢ የሚያክል፣ ሁሉም ሽሮ። ጉርሻ አልፈልግም ማለት ደግሞ ለሰላምታ የተዘረጋ እጅን አልፎ እንደ መሄድ ነው። ሐኪሟ ክቡ ውስጥ የሰው እጅ አልሣለችም።

«ጉርሻው አይቅር» አልኩ በመጨረሻ። «ግን ከእኔ በኩል ካለው ይሁን።»

«ጎመን ነው የማጎርስህ?» አለች ኃላፊዋ። «ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል? ጠላቱ ናት ይላል እንጂ።»

«ክኒን ከጀመርኩ በየቀኑ ስለ ሚሊግራም ነው የማወራችሁ።»

ሦስቱም ተያዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምጎርሰው ጎመን ሆነ። አልፎ አልፎ ምስር ጣል ይደረግበታል። እንጀራ ማስጨመር ቀረ። ቦምቦሊኖውን በብርቱካን ለወጥኩት፤ ብርቱካን ቦምቦሊኖን ይተካል የሚል ሰው ግን ውሸታም ነው። ባምቢስም በእግራችን እንሄድ ጀመር። ሐሳቡ የእኔ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን በምሳ ሰዓት ታክሲ ጠፍቶ ነው።

በሆሳዕና ማግሥት ሐኪሟ ዘንድ ቀረብኩ። ከመጀመሪያው ሁለት ኪሎ ቀንሻለሁ፤ ስኳሩም ከድንበሩ ትንሽ ሸሸት ብሏል።

«ክኒኑ ይቆይ» አለች። «በዚሁ ይቀጥሉና ከሦስት ወር በኋላ እንየው። ምን አደረጉ?»

«ትሪውን አዞርነው።»

የሕክምና ቃል የነገርኳት ይመስል ራሷን ነቀነቀች።

ምሳ ላይ ወሬውን ስነግራቸው የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች። ከላይ አረንጓዴ ነው። አፌን ከፈትኩ። ውስጡ ሽሮ ነበር፣ ያውም ትኩስ። ልከራከር ፈልጌ ነበር፤ አፌ ግን ሙሉ ነው።

«አንድ ያጣላል» አለች፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለች።

ሁለተኛው ጎመን ብቻ ነበር።