መቀስ የተደገነበት ዶላር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሐጂ ሙሳ እጄን ደጋግመው አስታጠቡኝ። ቀዶ ጥገና ልገባ መሰለኝ። ሐጂ አሶሳ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ልባቸው ያለው ግን የድሮ የአሜሪካ የወረቀት ዶላር መሰብሰቡ ላይ ነው። እኔ የተቀጠርኩት ኖቶቹን እንድይዝ ነበር።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ጠርዙን ብቻ ያዝ» አሉኝ። «ላብህ ከምስጥ ይብሳል።»

ወረንጦና ማጉያ መነጽር ሰጡኝ። ወረቀቱ ውስጥ የተበተኑትን ቀይና ሰማያዊ ክሮች መፈለግ አስተማሩኝ። ክሩ ላዩ ላይ ከተሳለ ሐሰተኛ ነው። ብዙም ሳልቆይ ሕልሜን ሁሉ በማጉያ መነጽር ማየት ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ዘለቀ ከሱቁ «እማማ፣ ምን ያህል ላሳጥረው?» ሲል ሰማሁ። ብቅ ብዬ ሳይ፣ ጠረጴዛው ላይ በስፋት ከዛሬው የሚበልጥ የጥንት ዶላር ተዘርግቷል። መቀሱ አፉን ከፍቷል።

ጩኸቴን ማንኩሽ ያሉ የሕዳሴ ግድብ ሠራተኞች ሳይሰሙት አልቀሩም።

«ምነው? እባብ አየህ?» አለ ዘለቀ።

«እባብ በስንት ጣዕሙ! መቀሱን አስቀምጥ!»

የዶላሩ ባለቤት ከመንጌ የመጡ እማማ ሐዋ ነበሩ። «አባቴ ወርቅ ሸጠ፣ ይሄን ተቀበለ» አሉኝ በመንጌ አማርኛቸው። «ወንድሞቼ ይስቃል። ዶላር እንዲህ አይሰፋም፣ አባታችን ሞኝ ነበር፣ ተታለለ ይላል። ተቆርጦ እንደ ዛሬው ከሆነ ዝም ይላል።»

ወደ ሐጂ ወሰድኳቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩ። እማማ ሐዋ የሚያዩት ኖቱን ሳይሆን የሐጂን ፊት ነው። ሐጂ ከሣጥናቸው እኩል የሚሰፋ ኖት አውጥተው ጎኑ አስቀመጡ።

«ወላሂ እውነተኛ ነው። ዱሮ ስፋቱ ይሄ ነበር፤ ኋላ ያሳነሱት አሜሪካኖቹ ራሳቸው ናቸው። አባትሽን ያታለለ የለም።»

እማማ ሐዋ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። «ለወንድሞቼም እንዲህ በል» አሉ።

እኔ በሐጂ ጆሮ «አሁኑኑ ይግዙት እንጂ!» አልኩ። ሐጂ እንዲህ ዓይነቱን ኖት ሲያሳድዱ ዕድሜያቸው አልቋል።

«መጀመሪያ ወንድሞቿ ይስሙ።»

ወንድሞቿ ተጠርተው መጡ፤ ሰሙ፤ ትልቁ አንገቱን ደፋ። ሐጂ ያን ጊዜ ለመግዛት ጠየቁ። እማማ ሐዋ «አይሸጥም» አሉ። ሐጂ ሳቁና ያለንን ምርጥ የኖት ማስቀመጫ ላስቲክ በነጻ ሰጧቸው። እኔ ለቅሶ ልቀመጥ ምንም አልቀረኝ።

ዛሬ የራሴ ስብስብ አለኝ፤ ሐጂን አመሰግናለሁ። ኖት ከመግዛትህ በፊት ለባለቤቱ ስለ ኖቱ እውነቱን ንገረው። ባይሸጥልህም ሥራህን ሠርተሃል።